ቅርጹ ነው ወይስ ድንጋዩ?

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው የሞያሌ መንገድ ወናጎን መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ነው፤ ቆርቆሮ፣ ብሎኬት፣ ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ የቀረ ያላለቀ ፎቅ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ገጠሩ ለዘለቀ ሰው ግን መጀመሪያ የሚገጥመው ጥላ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና። ቤቱ የሚገኘው ከዚያ ወዲያ፣ ጢሱን ተከትለው ሲሄዱ ነው።

የቆየው የጌዴኦ ቤት ክብ ነው። እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ሣርና ቅጠል እንጂ ሚስማርና ሲሚንቶ አይጠይቅም። ስለዚህም ይበሰብሳል። ክዳኑ ይለወጣል፣ ግድግዳው ይታደሳል፣ ምስጥ የበላው ቋሚ ይነቀልና በሌላ ይተካል፤ ውሎ አድሮ ሁሉም ይፈርስና እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ክብ ቤት ይቆማል። አያት ያቆሙት አንድ እንጨት እንኳ በሌለበት ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ ይኖራል፤ ቢጠይቁት ግን “የአያቴ ቤት ነው” ይላል። ውሸቱን አይደለም። ዕቃው ሄዷል፤ ቅርጹ አለ።

ከወናጎ ብዙ የማይርቀው ቱቱ ፈላ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። እዚያ አንድ ትልቅ የድንጋይ ክምር ላይ 300 ያህል ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ገሚሱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ገሚሱ ዘሟል። ክምሩ መቃብር ነው። በ1990ዎቹ የፈረንሳዩ አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ከባልደረቦቹ ጋር ቆፍሮ አጥንቶታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዚህ ምዕራፍ ባለታሪክ እንግሊዛዊ ስለሆነ ሁለት አቆጣጠር አንቀላቅል።) ከትክሎቹ አንዳንዶቹ በወንድ አባለ ዘር ቅርጽ የተጠረቡ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ የሰው መልክ አላቸው፣ ዓይን፣ አፍንጫ፣ እጅ። የሚገርመው፣ የሰው መልክ ካላቸው መካከል አንዳንዶቹ ቀድሞ የመጀመሪያው ዓይነት የነበሩ መሆናቸው ነው። አንድ ዘመን የተከለውን ሌላ ዘመን መጥቶ መሮውን አንሥቶ ፊት አወጣበት። እዚህ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ቅርጹ ግን ሌላ ሆነ።

እነዚህን ሁለቱን ሳወጣና ሳወርድ አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ትዝ አለኝ። በ1906 ለንደን ውስጥ፣ ጥንታዊ ሕንፃዎችን ከጥፋት ለመከላከል በተቋቋመ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ነው። ጥያቄው ይኸው ነበር፦ የአሮጌ ሕንፃ ነፍሱ ያለችው በቅርጹ ነው ወይስ እነዚያ በተነኩት፣ በተደገፉት፣ በተለቀሰባቸው ድንጋዮች ውስጥ? ጸሐፊው ያኔ 66 ዓመት የሞላው፣ ስሙ በዓለም የታወቀ ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። ጽሑፉ ግን የደራሲ አይመስልም። ሰውዬው በወጣትነቱ ከሠራው ሥራ ይነሣና፣ ጥፋቱን የሚቆጥር ኑዛዜ ይመስላል። ያ ሥራ አርክቴክትነት ነው፤ ሰውየው ቶማስ ሃርዲ።

ሃርዲ የተወለደው በ1840 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ዶርሴት በሚባለው ገጠር ነው። የተወለደበትን ቤት የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነበረው ብል አንባቢዬ የእኛን አገር ያስብ ይሆናል፤ ቢያስብም ብዙ አይስትም። ቤቱን የሠራው ቅድመ አያቱ ነበር። አባቱ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ይጠርባል፣ ቤት በኮንትራት ይሠራል፣ በእሑድ ደግሞ ስቲንስፈርድ በሚባለው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቫዮሊን ይጫወት ነበር። አያቱም እዚያው ሙዚቀኛ ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ክርስቲያኑ “ተሻሻለ” ተባለና የሙዚቀኞቹ ሰገነት ፈረሰ፤ የገጠሩ ቫዮሊንም ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ሃርዲ ያንን ሰገነት በዓይኑ አላየውም ማለት ይቻላል። በ1872 ባሳተመው ልብ ወለዱ ግን አንድ የመንደር ባንድ ቦታውን ለኦርጋን ሲለቅ ያሳየናል። በቤታቸው የሰማው የመጀመሪያ የእድሳት ታሪክ የራሱ ቤተሰብ ከቦታው የተነሣበት ነበር ማለት ነው።

በ16 ዓመቱ ዶርቼስተር ከተማ ጆን ሂክስ በሚባል አርክቴክት ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ያን ጊዜ አርክቴክትነት እንደ ልብስ ስፌት ከባለሙያ ሥር ተቀምጦ የሚለመድ ነገር ነበር። የሂክስ ዋና እንጀራ የቤተ ክርስቲያን እድሳት ነው። ወጣቱ ገጠር ለገጠር እየዞረ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን ይለካል፣ ይስላል፣ ከዚያም የትኛው ግድግዳ እንደሚፈርስ የሚያሳየውን ፕላን ያነሣል። ሲነጋጋ ተነሥቶ ላቲንና ግሪክ ያጠናል፣ ቀን ይስላል፣ ማታ ከአባቱ ጋር በየሠርጉ ቫዮሊን ይመታል። ሦስት ዘመን በአንድ ቀን ውስጥ የኖረ ልጅ ነው።

በ1862 ለንደን ሄደና አርተር ብሎምፊልድ ከተባለ ስመ ጥር አርክቴክት ቢሮ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ቀለም ስላላቸው ጡቦችና ስለ ሸክላ አሠራር በጻፈው ድርሰት ከእንግሊዝ አርክቴክቶች ተቋም ሜዳሊያ ተሸለመ። ሜዳሊያውን ሰጡት፤ አብሮት ሊሰጥ የነበረውን 10 ፓውንድ ግን ጉዳዩን በበቂ አልቆፈርከውም ብለው አስቀሩበት። ደራሲ የሚሆን ሰው የመጀመሪያ የብዕር ልምዱ ይህ ቢሆን አይከፋም፤ ክብሩ ይመጣል፣ ገንዘቡ ይቀራል።

የለንደኑ ሥራ ግን ከጡብ የከበደ ነገር አስተማረው። በ1860ዎቹ አጋማሽ አንድ የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ወደ ከተማው ሲያስገባ የሴንት ፓንክራስን አሮጌ መካነ መቃብር መቁረጥ ነበረበት። ሙታኑ መነሣት አለባቸው። አጽሙ እንደ ቆሻሻ እንዳይጣል የሚቆጣጠር ሰው ከብሎምፊልድ ቢሮ ተፈለገና ዕጣው ለሃርዲ ወጣ። ማታ ማታ በአጥር በተከለለ ቦታ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ ሬሳ ሣጥን ሲወጣ ቆሞ ያያል። ከሣጥኖቹ አንዱ ሲፈርስ በውስጡ አንድ አጽምና ሁለት የራስ ቅል ተገኘ። ብሎምፊልድ ከብዙ ዓመት በኋላ ሃርዲን ሲያገኘው፣ ያ ባለ ሁለት ራሱ ሰውዬ ትዝ ይልሃል ወይ ብሎ ነበር የጠየቀው። በዚያው መካነ መቃብር ዙሪያዋን የመቃብር ድንጋዮች የተደረደሩባት አንዲት ዛፍ በሃርዲ ስም ስትጠራ ኖራ በታኅሣሥ 2022 ወደቀች።

ከዚህ በኋላ በሃርዲ መጻሕፍት ውስጥ መሬት ዝም ብሎ መሬት ሆኖ አያውቅም። ሥሩ ሁልጊዜ ሰው አለ። ጌዴኦ ላይ መሠረት ለሚቆፍር ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። ጨልባ ቱቱቲ ላይ ከሺህ በላይ ትክሎች ይገኛሉ፤ ሳካሮ ሶዶ የሚባለው ቦታ ላይ ያሉት ትክሎች ደግሞ በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት ዕድሜያቸው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ መሆኑ ታውቋል፤ ቀድሞ ከሚታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው ዛፉና ቡናው ከነትክሉ፣ አብሮ ነው። በዚያ አገር ከሥሩ የቆየ ሰው የሌለበት ጓሮ ማግኘት ይቸግራል።

በ1867 ሃርዲ የለንደን አየር ጤናውን ስለነሳው ወደ ሂክስ ቢሮ ተመለሰ። ያኔ ነው ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረው። የመጀመሪያው ሥራው ባለታሪክ ድሃ አርክቴክት ነበር፤ አሳታሚዎች አልተቀበሉትም፣ ረቂቁም በኋላ ጠፋ። ረቂቁን ያነበበለት ደራሲ ጆርጅ ሜሬዲት እንዲህ ፊት ለፊት አትሳደብ፣ ሴራ ያለው ታሪክ ጻፍ ብሎ መከረው። ሰማው። በ1871 ሴራ የበዛበት ሁለተኛ ልብ ወለድ ስሙን ሳይጽፍ አሳተመ፤ ለማሳተሚያው ከገዛ ኪሱ 75 ፓውንድ አስይዞ ነው። ለአንድ ረዳት አርክቴክት ያ ብዙ ገንዘብ ነበር።

መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ግን ሌላ ነገር ተከሰተ። ሂክስ ሞቶ ነበርና ሥራውን የወረሰው አርክቴክት ሃርዲን በመጋቢት 1870 ወደ ኮርንዎል፣ ሴንት ጁሊዮት ወደሚባል የባሕር ዳር አጥቢያ ላከው። ቤተ ክርስቲያኑ ሊፈርስ ደርሷል፤ ተለክቶ ፕላን ይውጣለት ተባለ። ማታ ደረሰ። በሩን የከፈተችለት የቄሱ ሚስት እኅት፣ ኤማ ጊፈርድ ነበረች። ኤማ ስለዚያች ማታ ስትጽፍ፣ ከእንግዳው ኪስ ሰማያዊ ወረቀት ብቅ ብሎ እንዳየች፣ ፕላን መስሏት ኖሮ ግጥም ሆኖ እንዳገኘችው ትናገራለች። የዚህን ሰው ሕይወት በአንድ ወረቀት ማሳየት ቢያስፈልግ ያ ወረቀት ይበቃል። ከአራት ዓመት በኋላ ተጋቡ።

ቤተ ክርስቲያኑስ? ግንቡ፣ የሰሜን በኩል ክንፉ፣ የተቀረጹት አግዳሚ ወንበሮች ብዙዎቹ ሄዱ። ሃርዲ በኋላ የሚያስታውሰው ግን መቅደሱን ከምእመናኑ የሚለየውን የተቀረጸ የእንጨት መከለያ ነው። አሮጌ፣ ግን ይጠገናል። በፕላኑ ላይ እንዲጠገን አዘዘ። ሥራው አልቆ ሲመለስ በቦታው በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ አዲስ መከለያ ቆሞ አገኘው። ተቋራጩ ደስ ሊያሰኘው ብሎ፣ ጥቂት ፓውንድ ከኪሱ ጨምሮ ያንን ጭራሽ ያረጀ ነገር ጥሎ አዲስ አሠርቶለታል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ደግነት ነው። በገጠር ያለ ቤተ ክርስቲያን ሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ወይም የአያቶች ሥዕል በአዲስ ቀለም ሲደመቅ ያየ ሰው ይህን ተቋራጭ ያውቀዋል። ገንዘብ ያዋጣው ምእመን ደስ ብሎት ነው፤ ቅርስ አጠፋህ ብትለው ይደነግጣል።

እንግዲህ ሃርዲ በቀን የሚያፈርሰውን በማታ ይጽፍ ነበር የምለው ለዚህ ነው። ብዙ ተቺዎች የአርክቴክትነቱ ዘመን ለልብ ወለዱ የሰጠው “መዋቅር” ነው ይላሉ፤ ምዕራፍ ከምዕራፍ በደንብ የተጋጠመ፣ እንደ ጣሪያ ሸክሙን የሚያወርድ ታሪክ። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። መዋቅርን ያለ ቤት ፕላንም የሚያውቁት ደራሲዎች ሞልተዋል። ሙያው የሰጠው፣ ቤት እንዴት እንደሚጎዳ ማወቅን ነው። ውኃ በየት እንደሚገባ፣ ድንጋይ ማን እንደሚጠርበው፣ ሲፈርስ ማን እንደሚፈናቀል።

ውኃውን እንይ። በ1874 ስሙን ያስጠራለት “ከሚንጫጫው ሕዝብ ርቆ” የሚል ስሜት ያለው ልብ ወለድ ወጣ። በውስጡ ትሮይ የሚባል ወታደር አለ፤ ያታለላት ልጅ ሞታበት፣ ጸጸት ይዞት መቃብሯ ላይ በሌሊት አበባ ይተክላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ አፉን የከፈተ አውሬ የሚመስል የድንጋይ አሸንዳ አለ። ያን ሌሊት ዝናብ ይመጣል፤ አሸንዳው የጣሪያውን ውኃ ሁሉ በቀጥታ እዚያው መቃብር ላይ ያወርደዋል። ሲነጋ አበባው በጭቃ ተጠርጎ ሄዷል። ሌላ ደራሲ ቢሆን አውሎ ነፋስ ይልክ ነበር። ሃርዲ የላከው የአሸንዳ ስሕተት ነው፤ የአሸንዳውን አፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረ ሰው አልነበረም። በክረምት የጎረቤት አሸንዳ ግድግዳውን የበላበት ሰው ይህን ትዕይንት እስኪጨርስ ልቡ ይመታል።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ አሮጌ የበግ መሸለቻ ጎተራ ሁለት ገጽ ያህል ይሄዳል። ነገሩ ይህ ነው፦ በአካባቢው ያለው ቤተ መንግሥት የተሠራለት ጉዳይ ቀርቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑም የተሠራለት እምነት ተለውጧል፤ ጎተራው ግን ከአራት መቶ ዓመት በኋላም የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው፤ ስለዚህ የሚያየው ሰው ከሠሪው ጋር አንድ ሐሳብ ላይ ይገናኛል። ይህን ሳነብ ሶንጎ ትዝ ይለኛል። ጌዴኦ ውስጥ አባቶች ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት፣ የሚያስታርቁበት ስፍራ ነው። ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያው ቅጠል ነው። አርክቴክቸር ነው ወይ ለሚል ሰው፣ ሃርዲ አዎ የሚል ይመስለኛል፤ ሰው እስከዛሬ ለዚያው ጉዳይ ይቀመጥበታልና።

ከዚያ ስኬት በኋላ አርክቴክትነቱን እንደ እንጀራ ተወው። ልማዱ ግን አልተወውም። በ1878 ለወጣው ልብ ወለዱ የታሪኩን ቦታ ካርታ በእጁ ነደፈ፤ ዌሴክስ ብሎ የሰየመው የፈጠራ አውራጃው ከእውነተኛው ዶርሴት ጋር መንገድ ለመንገድ ይገጥማል። በ1885 ደግሞ ከዶርቼስተር ወጣ ብሎ ማክስ ጌት የተባለውን የራሱን ቤት ነደፈ፤ የሠሩት አባቱና ወንድሙ ናቸው። መሠረቱ ሲቆፈር የሮማውያን ዘመን አጽም ወጣ። ከሴንት ፓንክራስ የሸሸው ነገር ደጃፉ ድረስ ተከትሎት መጥቷል። ቤቱን ያዩ ሰዎች ብዙዎቹ አላማረባቸውም፤ ቀይ ጡብ፣ ከብዶ የተቀመጠ፣ ከደራሲው ገጠር ጋር የማይሄድ ነው አሉ። እኔም ፎቶውን አይቼ ከእነሱ ጋር ነኝ። ሃርዲ ለአሮጌው ቤት ማዘን እንጂ አዲሱን ማስዋብ አልተሰጠውም።

የሙያውን ቁስል ሁሉ አጠራቅሞ ያፈሰሰው “ጁድ” በተባለው፣ በ1895 በታተመው ልብ ወለድ ነው። ጁድ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ያደገበት መንደር አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አንድ የከተማ ሰው በነደፈው አዲስ ሕንፃ ተተክቷል፤ የድሮ መቃብሮች ያሉበት ቦታ እንኳ በርካሽ የብረት መስቀል ካልሆነ አይታወቅም። ጁድ ኦክስፎርድን ወደመሰለች ከተማ የሚሄደው ሊማር ነው። አይቀበሉትም። ስለዚህ የኮሌጆቹን ግድግዳ በቀን ሥራ ያድሳል፤ ከውስጥ የሚነበበውን መጽሐፍ እያሰበ ከውጭ ድንጋይ ያስተካክላል። የግንበኛ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ አሮጌ ሕንፃ በማደስ ያደገ ሰው የጻፈው መሆኑን ለማወቅ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ አያስፈልግም። መጽሐፉ ከፍተኛ ውግዘት ደረሰበት። ሃርዲ ከዚያ ወዲያ አዲስ ልብ ወለድ አልጻፈም፤ የቀረውን ዕድሜ ለግጥም ሰጠው።

በሁለቱ ሙያዎች መካከል የቆመው እሱ ብቻ አይደለም። የስዊዘርላንዱ ማክስ ፍሪሽ ነገሩን በሌላ በር ነው የገባበት። የአርክቴክት ልጅ ነው፤ በ1930ዎቹ ጋዜጠኛና ጀማሪ ደራሲ ሳለ ተስፋ ቆረጠና የጻፈውን ሁሉ አቃጥሎ አርክቴክቸር ተማረ። በ1943 ዙሪክ ውስጥ ለሕዝብ መዋኛ ንድፍ በተደረገ ውድድር ከ60 በላይ ተወዳዳሪዎችን በልጦ አሸነፈ፤ መዋኛው በ1949 ተከፍቶ ዛሬም ሰው ይዋኝበታል። የደረጃ ልክ ሳታማክረኝ ለወጥክ ብሎ የከሰሰውን አንድ የፀጉር ቅባት አምራች ደንበኛውን በኋላ ተውኔት ውስጥ መሳለቂያ አድርጎ ተበቀለው ይባላል። በ1955 ቢሮውን ዘጋ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከቁጥር ሌላ የማያምን መሐንዲስን የሚያሳይ ልብ ወለድ አወጣ። የሕንዷ አሩንዳቲ ሮይ ዴልሂ ውስጥ አርክቴክቸር ተምራ በ1997 የቡከር ሽልማትን አገኘች፤ ቱርካዊው ኦርሃን ፓሙክ ደግሞ ሦስት ዓመት የተማረውን የአርክቴክቸር ትምህርት ትቶ ቤቱ ተቀመጠና ጻፈ፣ በ2006 ኖቤል ተሸለመ።

በእኛ ቤትስ? የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር ከእጅ ሙያ ጋር ተያይዞ ነው የመጣው። በ1908 ሮም ላይ “ልብ ወለድ ታሪክ”ን ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣሊያን አገር ሥዕል የተማረ ሠዓሊ ነበር። ጅጅጋ ተወልዶ ካናዳ የኖረው ነጋ መዝለቂያ በሙያው መሐንዲስ ነው፤ የልጅነት ትዝታውን የጻፈበት መጽሐፍ በ2000 ከካናዳ ትልልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች አንዱን አገኘ፣ ከዚያም በ2002ና በ2006 ሁለት ልብ ወለዶች አከለ። በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ከተመሠረተውና ሰው ሁሉ ህንፃ ኮሌጅ እያለ ከሚጠራው ትምህርት ቤት የወጡ አርክቴክቶቻችን ደግሞ ብዕር ሲያነሡ የሚያዘነብሉት ወደ ከተማ ታሪክ ነው። ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ሕንፃዎች ያዘጋጀው በ2007 የወጣው መጽሐፍ የዚህ ምልክት ነው። ቤቶቹ በሚፈርሱበት ከተማ ለመመዝገብ መሽቀዳደም ከልብ ወለድ ይቀድማል፤ አልፈርድባቸውም። ሆኖም አንድ አሮጌ ሰፈር ሲነሣ ፎቶና ፕላን የማይዙት ነገር አለ። በረንዳው ላይ ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ የትኛዋ ክፍል ውስጥ ማን ተወለደ። ሃርዲ ለማዳን የሞከረው ያንን ነው።

ወደ 1906ቱ ጽሑፍ ልመለስ። ሃርዲ መጀመሪያ የቅርጹን ወገን ይዞ ይከራከራል፤ በቁም ነገር። የሕንፃ ነፍስ ሠሪው ያሰበው መስመር ከሆነ፣ የበሰበሰውን ድንጋይ በሌላ ድንጋይ መተካት ምን ነውር አለው? ወናጎ ያለው ባለ ክብ ቤት ይህን ቢሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ ግን ይዞራል። አንደኛ፣ ቅጂው አይመጣም፤ የድሮው ጠራቢ እጁ ትንሽ ያዘነብላል፣ መስመሩ ይስታል፣ ያ መሳቱ ነው ሕይወቱ፣ አዲሱ ሠራተኛ ደግሞ አቃንቶ ይጠርበዋል። ሁለተኛውና ለእሱ የሚብሰው፣ ድንጋዩን የነኩት ሰዎች ናቸው። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለቀሱ አሉ። ስለዚህ አሮጌ ሕንፃን መጠበቅ ከውበት ጉዳይነቱ ይልቅ ለሰው የሚከፈል ዕዳ ነው ይላል።

የጌዴኦ ቤት ግን አንድ ሃርዲ ያላነሣው መልስ አለው። ቤቱ በተሠራ ቁጥር የሚሠሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ አያት ሲያቆሙ ያየ ልጅ አድጎ ያቆማል። ቅርጹ የተላለፈው ከፕላን ላይ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ ስለሆነ፣ መንካቱም አብሮ ይተላለፋል። እንግሊዝ አገር ያኔ የተሰበረው ይህ ነበር፤ ፕላኑ ከከተማ ይመጣ ነበር፣ ከሃርዲ ኪስ ውስጥ።

ሃርዲ ጥር 11 ቀን 1928 ሞተ። አገሩ በዌስትሚንስተር ገዳም ከታላላቆቹ ደራሲዎች ጋር ይቀበር አለች፤ ቤተሰቡ ደግሞ ስቲንስፈርድ፣ ከአባቶቹ ጋር። ስምምነቱ እንግዳ ሆነ፤ ልቡ ወጥቶ ስቲንስፈርድ ኤማ መቃብር ውስጥ ገባ፣ የቀረው አካሉ ተቃጥሎ አመዱ ለንደን አረፈ። በ1906 ለድንጋይ ያነሣው ጥያቄ በራሱ ሥጋ ላይ መጣ።

ኤማ የሞተችው ከእሱ 15 ዓመት ቀድማ፣ በ1912 ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ73 ዓመቱ አካባቢ፣ ወደ ሴንት ጁሊዮት ተመለሰ፤ ለእሷ መታሰቢያ የሚሆን የግድግዳ ሰሌዳ ነደፈ፣ እዚያው ተሰቀለ። አንድ ቀን ራሱ ባስፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ነገር አቆመ። ግንቡን ሳያፈርስ በፊት፣ በ1870፣ ቤተ ክርስቲያኑን እንደነበረ ስሎት ነበር። ያ ሥዕል አለ።

ቱቱ ፈላ ላይ አሮጌውን ትክል ወስዶ ፊት ያወጣበት ጠራቢ እንዲህ ያለ ሥዕል አልተወም። ቢሆንም ሥራውን ሲሠራ የድሮውን መስመር ጨርሶ አልፋቀውም፤ ዓይኑንና አፍንጫውን ካዩ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ድንጋዩ ቀድሞ ምን እንደነበረ ገና ይለያል።